ሰማይ የወጣው ፀጉሬ

ስም አልጠራም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። አባታቸውን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሳስበው ኖሬአለሁ፤ በደግ አይደለም። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «በወለጋ ሰማይ ላይ የምርምር ፊኛ ያበረረ፣ የላይኛውን አየር እርጥበት የለካ» ሲባል ሰማሁ። ሰዉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ቆምኩ። ያዩኝ ሰዎች የማለቅስ መስሏቸው ነበር።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። ነቀምቴ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር አንድ የአየር ጠባይ ጣቢያ ነበረ። ጣቢያ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ መጋዘን፣ ሙቀት መለኪያዎቹ የሚቀመጡበት በእግር የቆመ ነጭ ሳጥን፣ አንድ የዝናብ መለኪያ፣ ፍየሎቹ ከምንም የማይቆጥሩት አጥር፤ ያ ነው ጣቢያው። እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ነበር። ጧት፣ ቀን፣ ማታ ሙቀቱን አነባለሁ፣ ዝናቡን እለካለሁ፣ ለአዲስ አበባ በሬዲዮ እናገራለሁ። ጊዜያዊ ማለት አለቃው በተቆጣ ቀን ወደ ቤቷ የምትሄድ ማለት ነው።

ያ ስሙን የማልጠራው ሰው አለቃችን ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ውጭ አገር ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ መጥቷል። ሥልጠናው ያለቀው በወራት ነው፤ ወሬው ግን ዓመታት ፈጀ። በክረምት ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ነቀምቴን በሐምሌ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ፤ በዚያ ጭጋግ ያለ መነጽርም የራስን ጫማ ማየት ከባድ ነው።

በዚያ ዓመት ከየጣቢያው አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ኮርስ አዲስ አበባ እንደሚላክ ተነገረን። ኮርሱን የጨረሰ ቋሚ ይሆናል። ለኛ ጣቢያ ዕጩዎቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና የአለቃው ሚስት ወንድም። እሱ መጋዘን ጠባቂ ነበር። ጥበቃውም እውነት ነው፤ ጆንያዎቹ ላይ ተኝቶ ስለሚውል ማንም ሊሰርቃቸው አይችልም። ለእሱ ኮርሱ ሽርሽር ነው። ለኔ ግን ሌላ ነገር ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ በኛ አገር አጠራር አዳዳዬ፣ ባል አግኝታልኝ ነበር። የጊምቢ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ትልቁ ልጁ በዕድሜ ይበልጠኛል። «ኮርሱን ካገኘሽ ሂጂ፤ ካላገኘሽ በጥቅምት ሠርግ ነው» ብላኛለች አዳዳዬ። ክፉ ሴት አልነበረችም። የነበረን ምርጫ ይኸው ብቻ ነው።

ያኔ ነው ፈረንጁ የመጣው። በጭነት መኪና ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር፣ የተጣጠፈ ፊኛና ትንንሽ ሳጥን ይዞ ደረሰ። ሥራውን ሲያስረዳን እንዲህ ነበር። ከምድር የሚነሣው የውሃ ተን ከዳመናው በላይ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ፊኛው ሳጥኑን አንጠልጥሎ ይወጣል፣ ሳጥኑ እየወጣ በሬዲዮ ይናገራል፣ እዚህ ታች ያለው ብዕር የሰማውን በወረቀት ጥቅል ላይ ያሰምራል። እርጥበቱን የሚለካው ደግሞ ፀጉር ነው። የሰው ፀጉር። ፀጉር እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ በሳጥኑ ውስጥ የተወጠረው ፀጉር ሲሳብና ሲላላ ሰማዩን ይናገራል። በጣም ከፍ ሲል ብርዱ ያደነዝዘዋል፣ እስከዚያ ግን ይሠራል አለን።

ችግሩ ከባኮ ወዲህ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲንገጫገጭ የናፍጣ በርሜል ፈንድቶ፣ ከአገሩ ይዞት የመጣው ፀጉር በሙሉ ናፍጣ ጠጥቶ ነበር። ቅባት የነካው ፀጉር እርጥበት አይቀበልም። ፈረንጁ ይህን ደጋግሞ ነገረን፤ አለቃችንም ደጋግሞ ተረጎመልን። ይህን ያዙልኝ፤ ሰምቷል። በራሱ አፍ ተርጉሞታል።

የፈረንጁ የራሱ ፀጉር እንደ ወታደር የተከረከመ ነበር። የኔ ደግሞ ወገቤ ይደርሳል፤ ቀጭንና ለስላሳ ነበር። በማግሥቱ አለቃችን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«አንቺ፣ ይኼ ፀጉርሽ ለሳይንስ ይፈለጋል።»

«ለሳይንስ የባለቤትዎም ፀጉር ረጅም ነው ጌታዬ።»

«እሱ አይነካም።»

«የኔስ?»

«የአዲስ አበባው ኮርስ አለ አይደል? ማን ይሂድ ብሎ የሚጽፈው ማነው?» ብሎ ደረቱን በጣቱ ነካ።

«ከሰጠሁ ይጽፉልኛል?»

«ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?»

ምንም እንዳላለኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ማታ ፀጉሬን በእንዶድ አጠብኩት፤ ጧት ደግሜ አጠብኩት። ሲደርቅ እንደ ቃጫ ይንኮሻኮሽ ነበር። አለቃው በልብስ ሰፊ መቀስ ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ ሙልጭ አድርጎ ቆረጠው።

«ሁሉንም ነው እንዴ?»

«ለመጠባበቂያ» አለኝ። በሰው ፀጉር ቸር መሆን ቀላል ነው። በጋዜጣ ጠቅልሎ ካፖርቱ ውስጥ ከተተውና ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ሻሽ አስሬ ወደ ሰፈራችን ወደ ቡርቃ ጃቶ ወረድኩ።

አዳዳዬ ሻሹን ገልጣ ስታየኝ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። በኛ ዘንድ ሴት ፀጉሯን የምትቆርጠው ሰው ሲሞትባት ነው።

«ዋቃዮ! ኤኙ ዱኤ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አዳዳ። ለመንግሥት ሰጥቼው ነው።»

«መንግሥት ግብር አነሰውና ወደ ፀጉር ዞረ?»

«ሰማይ ሊወጣ ነው።»

«ፀጉርሽ ቀድሞሽ ሰማይ ሊገባ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የጊምቢው ሰው ይህን ራስ ቢያይ ይሮጣል።»

ከቀኑ ንግግር ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ብቻ ነበር።

ፊኛው የሚለቀቀው በማግሥቱ ነው። አለቃችን ለፈረንጁ ሳይነግር የጠቅላይ ግዛቱን ገዢ ጠርቶ ነበር። ፈረንጁ ደግሞ በዋዜማው በገዢው ግብዣ ላይ ጥሬ ሥጋ በልቶ ሆዱን ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። አለቃችን ኀዘኑን በታላቅ ደስታ ገለጸ። «ግዴለም፣ እኔ አለሁ» አለ። ፀጉሩን ሳጥኑ ውስጥ ብቻውን ወጠረው፤ እኛን አላስጠጋንም። እኔ የተሰጠኝ ሥራ ጋዝ የተሞላውን ፊኛ አንገቱን ይዤ መቆም ነበር።

ገዢው ጥላ የሚይዝላቸውን ሰው አስከትለው መጡ። የአገር ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው ሳሩ ላይ ቆሙ። ነፋሱ ፊኛውን ወዲህና ወዲያ ሲያላጋው እኔንም አብሮ አላጋኝ። በሁለት እጄ እንደያዝኩ ሻሼ ወልቆ ሄደ። ሴቶቹ ራሴን አዩ። አንዷ ደረቷን ስትመታ አየኋት፤ ፊኛው ግን አይለቀቅም፣ ምን ብዬ ላስረዳ? አለቃችን «ልቀቂ!» ሲለኝ ለቀቅኩ። ፊኛው ሳጥኑን ይዞ ወደ ዳመናው ገባ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

ሁላችን ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ተጨናንቀን ገባን። ሬዲዮው ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ብዕሩ መስመር ይሰራል። ሙቀቱን የሚያሳየው መስመር እንደሚጠበቀው ይወርዳል። የእርጥበቱ መስመር ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ሄደ። አልወጣ፣ አልወረደ። አለቃችን መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ክቡርነትዎ፣ በነቀምቴ ላይ ያለው ሰማይ ደረቅ ነው።»

ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን ስለዋጠው ደግሞ መጮህ ነበረበት። «ደረቅ ነው! ከላይ ውሃ የለም!»

ከአርጆ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየጨመቁ ጠየቁ። «ታዲያ ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ ይኼ የሚወርደው ከየት ነው?»

«ይኼ የታችኛው ዝናብ ነው አባቴ። እኛ የምንለካው የላይኛውን ነው።»

«የታችኛው ዝናብ ከታች ነው የሚዘንበው?»

ማንም አልሳቀም፤ ገዢው አልሳቁማ። ገዢው ብዕሩን በአክብሮት አዩት፣ «የመንግሥታችን ጥበብ እዚህ ደርሷል። ሰማያችን ተመርምሮ ደረቅ መሆኑ ለበላይ ይገለጽ» ብለው ጥላቸው ሥር ገብተው ሄዱ። ደረቁ ሰማይ ጫማቸውን አበሰበሰው።

ከሰዓት በኋላ ፈረንጁ ፊቱ ገርጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ መጣ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ተከተለው። ከዚያ የተረፈው ፀጉር የታለ አለ። አለቃችን ጋዜጣውን ሰጠው። ፈረንጁ ገና ሳይከፍተው ጋዜጣው ወዝቶ፣ ፊደሉ ሁሉ በወዲያኛው ገጽ ይታይ ነበር። ሲከፍተው ክፍሏ በኮሰረትና በቅቤ ሽታ ታወደች። እንዲያ ያለ ሽታ የምታውቁት ከሙሽራ ራስ ነው።

አለቃችን በእንግሊዝኛ ተናገረ። እኔ የማልሰማ መስሎት። ሚሲዮኖቹ በክፉም በደግም ይታሙ፣ እንግሊዝኛ ግን በአርጩሜ አስተምረውኛል። «የባላገር ልጅ ናት» አለው። «እነዚህ ቅቤ ሳይቀቡ አይውሉም። እንዳትቀቢ ብያት ነበር።»

«እኔ አጥቤ ነው የሰጠሁት!» አልኩ።

«ዝም በይ! የመንግሥትን ምርምር አበላሽተሽ ደግሞ ትመልሻለሽ? ኮርሱን እርሺው!»

ፈረንጁ አየኝ። ፊቱ ላይ ያነበብኩት ቁጣ አልነበረም፤ «ይገባኛል፣ ከእናንተ ሌላ ምን ይጠበቃል» የሚል ነበር። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስደርስ ግቢያችን በሴት ተሞልቷል። ጧት ራሴን ያዩት ናቸው። ከፊሎቹ እያለቀሱ ነው፤ ከፊሎቹ የሞተውን ገና ስላላወቁ ለማልቀስ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። የጉራጌው ባለሱቅ ሚስት ንፍሮ ቀቅላ አምጥታለች። የጸሎት ቤታችን ሴቶች መዝሙር ጀምረዋል። አዳዳዬ መሐላቸው ቆማ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ ማንም አልሞተም!» ትላለች፤ እነሱ ደግሞ ኀዘን አእምሮዋን እንደነካው ቆጥረው ያባብሏታል።

በዚህ መሐል የአለቃው ሚስት ገባች። የዋህ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ክፉ ለማለት ብፈልግም አልችልም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«እኔን እህቴን! ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ። ፀጉሬን ባለቤትዎ ለፊኛው ቆርጠውት ነው።»

ለቅሶዋ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቆመ። «ያ ፀጉር ያንቺ ነው?»

«የቱ?»

«ትናንት ማታ ያመጣልኝ! 'ነገ በገዢው ፊት ሰማይ ስለሚወጣ አዘጋጂልኝ' ብሎ ሰጥቶኝ እሱ ግብዣ ሄደ። እኔ ደግሞ አየሁት፣ እንደ ገለባ ደርቋል። በትልቅ ሰው ፊት፣ ያውም ሰማይ ለሚወጣ ነገር፣ እንዲህ ደርቆ ይወጣል? ለጋ ቅቤ በኮሰረት አንጥሬ አንድ በአንድ ነው የቀባሁት። እጄ እስኪዝል!» ዙሪያዋን አየች። «አላማረም ነበር?»

መጀመሪያ የሳቀችው አዳዳዬ ናት። ከዚያ ንፍሮ ያመጣችው፣ ከዚያ መዝሙረኞቹ። የአለቃው ሚስት የምን ሳቅ እንደሆነ ሳይገባት አብራ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሴትየዋ ያደረገችው ፀጉርን ለትልቅ ቀን እንደሚያዘጋጁት ነው። ቅባት አይንካው የሚለውን ቃል ባሏ ለኛ ተርጉሞ፣ ለሚስቱ መንገር ግን ከክብሩ በታች ሆኖበት ነበር።

ጧት ተነሥቼ ለፈረንጁ በዚያው በአርጩሜ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት፤ ማን እንዳጠበ፣ ማን እንደወሰደ፣ ማን እንደቀባ። አለቃችን አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሳቀ። «የሴቶች ወሬ ነው» አለ። ፈረንጁ ቅቤውን ማን ቀባው የሚለው ነገር ብዙም አልገደደውም፤ የገደደው ፀጉሩ ነው። ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት በሚሸት ፈሳሽ ነክሮ ነክሮ አጠበው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ፈተነው። መርዘሙን ሲያይ ፈገግ አለ። ከዚያ ጥቅሉን በእጁ መዘነና እኔን አየኝ። «የጠየቅኩት እኮ ጥቂት ክሮች ነው» አለኝ። «ይህን ሁሉ ለምን ቆረጥሽ?»

መልሱን አለቃዬ እንዲተረጉምልኝ ተውኩት። አልተረጎመም።

ሁለተኛውን ፊኛ ያለ ገዢና ያለ ጥላ ያዥ ለቀቅነው። ብዕሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ፊኛው ዳመና ውስጥ ሲገባ መስመሩ ሽቅብ ወጣ፣ ከዳመናው ሲወጣ ዝቅ አለ፣ ወደ አንገር ቆላ እየተነዳ ሌላ ዳመና ሲያገኝ እንደገና ተነሣ። ከኛ ራስ በላይ ስንት ድርብ እርጥበት እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳ፣ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ፀጉሬ ከላይ ሆኖ ይናገር ነበር። እኔ ከጊምቢ አልፌ አላውቅም። እሱ እዚያ ነበር።

ፈረንጁ ሲሄድ አለቃዬን «ይህችን ልጅ ላካት» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። አለቃዬም «ያለ ጥርጥር» አለው። የሁለተኛው ፊኛ ወረቀት ከፈረንጁ ጋር በመኪናው ሄደ። ለአዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው ነው፤ ሰማያችን ደረቅ መሆኑ በገዢው ፊርማ ተገልጿልና፣ እንደገና እርጥብ ነው ማለት ገዢውን ዋሾ ማድረግ ነው። ስለዚህ ቅቤ የሚባል ነገር አልነበረም። ቅቤ ካልነበረ ጥፋት የለም፤ ጥፋት ከሌለ እኔም ጥፋተኛ አይደለሁም። ነጻ ወጣሁ ብዬ ተደሰትኩ። ሞኝነቴ።

በሳምንቱ የሚሄደው የሚስቱ ወንድም መሆኑን ሰማሁ። ሻሼን አስሬ ቢሮው ገባሁ።

«ቃል ገብተውልኝ አልነበር?»

«ማን ከለከለሽ? በሚቀጥለው ዙር ትሄጃለሽ።»

«ለምን አሁን አይሆንም?»

«ራስሽን በመስተዋት አይተሽዋል?» አለኝ፤ የተቆረቆረልኝ መስሎ። «በዚህ ራስ አዲስ አበባ ብልክሽ ምን ይላሉ? ከነቀምቴ ኀዘንተኛ ላኩልን ይላሉ። ጣቢያችንን የምትወክይ እኮ ነሽ። ፀጉርሽ ይደግ።»

ሻሼን አጠበቅኩ። ከዚያ ጠየቅኩት።

«የባለቤትዎ ወንድምስ? ገና በሠላሳ ዓመቱ አናቱ እንደ ሰሃን ያበራል። እሱ ማን ሞቶበት ነው?»

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ትንሽ ነበር።

«እሱ ወንድ ነው» አለኝ።

የሚሄድበት ቀን ተረኛ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ መንገዱ በክረምት ስለሚበላሽ ሰው የሚሄደው በአውሮፕላን ነው፤ አብራሪውም ሳሩ ላይ ከማረፉ በፊት ዳመናው ምን ይመስላል ብሎ እኛን በሬዲዮ ይጠይቃል። አይታይም ካልነው ዞሮ ይመለሳል። በሚቀጥለው እስኪመጣ ደግሞ የኮርሱ መመዝገቢያ ያልፋል።

በመስኮቱ አየሁ። የሚስቱ ወንድም አዲስ ሻንጣ ይዞ ሳሩ ዳር ቆሟል። አለቃዬና ሚስቱ አብረውት ናቸው፤ እሷ ስንቅ አሲዛዋለች። ሌሊቱን የነበረው ጭጋግ ተገፎ፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ ነበር። አብራሪው ጠየቀ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ማንም አይመሰክርብኝም ነበር።

«ጥርት ያለ ነው፣ ማረፍ ይቻላል» አልኩት።

የጊምቢውን ነጋዴ አገባሁት አላገባሁትም፣ ያ የናንተ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር ግን አልመጣም። በዚያ ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ያላየሁትን ዳመና አየሁ ብዬ አላውቅም፤ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ያመሰግኑኛል። እኔን ግን ያን ቀን ከመስኮቱ ሆኜ ሲነሣ ያየሁት አውሮፕላን ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጭጋግ ነው ማለት ነበረብኝ።